በልጆች የትርፍ አንጀት ጥናት «መሠረታዊ የውጤት ዝርዝር» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «የጥናት ውጤቶች ወጥ ይሁኑ ማለት ሐኪሙ ሁሉንም ልጅ በአንድ መንገድ እንዲያክም ማስገደድ ነው» ብሎ ጻፈ። ይህን አባባል ደጋግሜ ስላየሁት ዛሬ በደንብ ልመልስበት።

መሠረታዊ የውጤት ዝርዝር ማለት ስለ አንድ ሕመም የሚደረግ ጥናት ሁሉ ቢያንስ ሊለካቸው የሚገቡ ነገሮች ዝርዝር ነው። ሐኪሙን አይመለከትም። በቀዶ ሕክምናም ያክም በአንቲባዮቲክ፣ የራሱ ውሳኔ ነው። ዝርዝሩ የተጻፈው ለተመራማሪው ነው፤ «ሁለቱን ስታወዳድር ቢያንስ እነዚህን ነገሮች መዝግብ» ነው የሚለው።

የእህል ገበያ አስቡ። አንዱ ገበያ ላይ ቁናው እስኪቆለል ይሰፈራል፣ ሌላው ላይ እስከ አፉ ብቻ። ሁለቱም «አንድ ቁና» ነው የሚሉት። ስፍሩ አንድ ይሁን ያለ ሰው ገበሬውን ጤፍ ብቻ ዝራ አላለውም። ገበሬው ከፈለገ ጠጠሩንም እርጥበቱንም ይመርምር፤ ከስፍሩ በላይ መለካት አልተከለከለም።

ያው አስተያየት ሰጪ ሁለት ጥናቶችን አንስቶ «አንዱ አንቲባዮቲክ ይሠራል፣ ሌላው ይከሽፋል ይላል» ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአሜሪካ ጥናት፣ አንቲባዮቲክ ከተመረጠላቸው ልጆች 67.1 በመቶው እስከ ዓመት ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም አለ። በ2025 የወጣው ደግሞ በአምስት አገሮች 936 ልጆችን ለአንቲባዮቲክ ወይም ለቀዶ ሕክምና በዕጣ መድቦ፣ አንቲባዮቲኩ በ34 በመቶው ላይ ከሸፈ አለ። 34 ከከሸፈ 66 አልከሸፈም። ቁጥሩ እኮ ተቀራራቢ ነው!

ችግሩ «ከሸፈ» የሚለው ቃል ነው። በ2025ቱ ጥናት በቀዶ ሕክምናው ወገን ክሽፈቱ 7 በመቶ ነበር። ግን በአንቲባዮቲኩ ወገን ክሽፈት ማለት በዋናነት ትርፍ አንጀቱ በዓመቱ ውስጥ መውጣቱ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምናው ወገን ደግሞ የወጣው አንጀት ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ቁና። በዚያ ላይ እናት የምትጠይቀው ሌላ ነው፦ ልጄ ወደ ትምህርቱና ወደ ጨዋታው መቼ ይመለሳል? የ2020ው ጥናት ይህንንም ለክቶ ነበር። ልጆቹ በዓመት ውስጥ ከወትሮ እንቅስቃሴያቸው የራቁበት ቀን በአማካይ በአንቲባዮቲክ 6.6፣ በቀዶ ሕክምና 10.9 ሆነ። ቀዶ ሕክምናን ብቻ የቆጠረ ሰው ይህን አያየውም።

በ2020 በእንግሊዝ አገር የወጣው ዝርዝር 14 ውጤቶች አሉት። ሆድ ውስጥ መግል መቋጠር፣ ዳግም ሆስፒታል መግባት፣ የበሽታው ማገርሸት፣ የልጁ የኑሮ ጥራት ይገኙበታል። የመረጡትም ሐኪሞች ብቻ አይደሉም፤ ታመው የዳኑ ልጆችና ወላጆችም አብረው መርጠዋል። እኔ በጣም የምወድለት ይህንን ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዝርዝሩ ላልተወሳሰበ ሕመም ነው፤ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ለመጣ ልጅ አልተሠራም። ደግሞም ምን ይለካ እንጂ እንዴት ይለካ አይልም። የሆስፒታል ቆይታን ሁሉም በቀን ቢቆጥር እንኳ፣ ቤቱ ሩቅ የሆነ ልጅ ድኖም አንድ ሌሊት ሊጨምር ይችላል። ያ ሌሊት የሕመሙ አይደለም፣ የመንገዱ ነው።