ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ዛፍ ላይ ተቀምጦ አጋዘን በቀስት ማደን

ኖርዘርን ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው አጋዘን ማየት ብርቅ አይደለም፣ ስፕሪንግፊልድ በሉት በርክ በሉት አናንዴል፣ ማታ ከስራ ሲገባ ድራይቭዌዩ ላይ ቆመው የሚጠብቁት፣ ጓሮ የተከለውን ጎመን ጠዋት ሲነሳ ተግጦ የሚያገኘው ሰው ሞልቷል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድባቸው አንዳንድ የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርኮች ውስጥ ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ዛፍ ላይ የተቀመጡ ቀስተኞች መኖራቸውን ነው፣ ያውም ተደብቀው ሳይሆን ካውንቲው ራሱ መዝግቧቸው፣ ፓርኩም ለህዝብ ሳይዘጋ።

ነገሩ እንዲህ ከመሆኑ በፊት አጋዘን ሊጠፋ ነበር። ለገበያ ሲባል ያለ ገደብ ስለታደነ በ1931 ቨርጂኒያ በሙሉ የነበረው 25,000 ገደማ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። ከዛ በኋላ የአደን ህግ ጠበቀ፣ ከሌላ ቦታ እያመጡ ለቀቁ፣ ቁጥሩም ተመለሰ። ችግሩ ግን አጋዘኑ ሲመለስ ተኩላውም ኩጋር የሚባለው የዱር ድመትም የለም፣ ቦታው ደግሞ ቤትና አበባ፣ ሳርና ጫካ የተቀላቀለበት ሆኗል፣ ለአጋዘን ከዚህ የተሻለ ኑሮ የለም። የደረሰች ሴት አጋዘን በአብዛኛው መንታ ነው የምትወልደው፣ ስለዚህ ካልተቀነሰ በጥቂት አመት እጥፍ ይሆናል። ባለሙያዎች ለጫካው ጤና የሚመክሩት በአንድ ስኩዌር ማይል ከ15 እስከ 20 ነው፣ ካውንቲው ውስጥ ግን ከዛ በጣም የበለጠባቸው ቦታዎች አሉ፣ እዛ ጫካ ብትገቡ ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ከስሩ ያለው ቡቃያ ተበልቶ ባዶ ሆኖ ታያላችሁ። የመኪና ግጭቱ አለ፣ ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈዋ መዥገርም የምትራባው አጋዘን ላይ ነው። ካውንቲው የአጋዘን ቁጥጥር ፕሮግራሙን የጀመረው በ1998 ሲሆን የቀስቱ ክፍል የተጨመረው በ2010 ነው።

ለምን ቀስት? ለምንስ ዛፍ ላይ? ሰው የሚመስለው አጋዘኗ እንዳታይ ለመደበቅ ነው፣ እሱም አለበት፣ ግን ሰፈር መሀል ላይ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። የጠመንጃ ጥይት ከሳተ የት ሄዶ እንደሚያርፍ አይታወቅም። ከ6 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 20 ሜትር ርቃ ወደቆመች አጋዘን ቁልቁል የተወረወረ ፍላጻ ግን ቢስታትም ቢበሳትም ከኋላዋ ጥቂት ሜትር አልፎ መሬት ውስጥ ይሰካል። አገር ቤት ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ማማ ላይ የሚወጣው አርቆ ለማየት ነው፣ እዚህ ማማው ፍላጻው ሩቅ እንዳይሄድ ነው። ለዛም ነው በካውንቲው ፕሮግራም መሬት ላይ ቆሞ መወርወር የማይፈቀደው፣ ማማውም ከሰው ይዞታ ድንበር ቢያንስ 100 ጫማ፣ ከእግረኛ መንገድ ደግሞ 50 ጫማ መራቅ አለበት። እሁድ ካውንቲው ፓርክ ውስጥ አደን የለም፣ በሌላው ቀንም ጸሀይ ከመውጣቷ 30 ደቂቃ በፊት ተጀምሮ ከጠለቀች 30 ደቂቃ በኋላ ያበቃል። ቨርጂኒያ የአደን አደጋ መመዝገብ ከጀመረችበት ከ1959 ወዲህ አጋዘን በሚያድን ቀስተኛ የተጎዳ አላፊ አግዳሚ የለም ይላል ካውንቲው፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ማንም ተነስቶ አይገባም። የስቴቱ ላይሰንስ፣ የአደን ትምህርት፣ የወንጀል ምርመራ፣ ከዛም ኢላማ ላይ ወርውሮ ማሳየት ይጠየቃል፣ ተመዝጋቢውም በቡድን ሆኖ የሚመደብበት ፓርክ ይነገረዋል። በግል ይዞታ ላይ የሚያድን ሰው ደግሞ የስቴቱን ህግና የባለቤቱን ፈቃድ ይዞ ነው የሚሄደው።

ማማው ትሪ ስታንድ ነው የሚባለው፣ አይነቱ ብዙ ነው። መሰላል ያለው አለ፣ ከባድ ነው ግን ለጀማሪ እሱ ይሻላል፣ ግንዱ ላይ በጠፍር የሚታሰር ትንሽ ወንበርና መርገጫ አለ፣ ሁለት ክፍል ሆኖ እያፈራረቁ ግንዱን እየቧጠጡ የሚወጡበት አለ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሳድል የሚሉት መጥቷል፣ ወንበር የለውም፣ ሰውየው ወገቡና ቂጡ ላይ በታጠቀው ጨርቅ ከዛፉ ጋር ታስሮ ደገፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ከቀስት በላይ አዳኝ የሚጎዳው መውደቅ ነው፣ በተለይ ሲወጣና ሲወርድ። ስለዚህ ሃርነስ የሚባለው ሙሉ ሰውነት የሚይዝ መታጠቂያ ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት፣ የድሮው የወገብ ቀበቶ ብቻ ሰው ሲወድቅ ሆዱን ጨምቆ ትንፋሽ ያሳጣል። ከመሬት እስከ ማማው የተዘረጋ ገመድ ላይ ሃርነሱን በተንሸራታች ቋጠሮ ማያያዝ፣ እጅና እግር ተደምሮ ሶስቱ ሁልጊዜ የያዙት ነገር እንዲኖር፣ ቀስቱን ተሸክሞ አለመውጣት፣ በገመድ ኋላ መሳብ። የወደቀ ሰው ሃርነሱ ቢይዘውም ተንጠልጥሎ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ከቆየ ደሙ እግሩ ላይ ተጠራቅሞ ራሱን ሊስት ይችላል፣ ለዛ የሚረግጥበት ጠፍር ኪሱ ውስጥ ይይዛል። ደግሞ ዛፉን እዩት! ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባለው ነፍሳት በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ተገኝቶ ከዛ ወዲህ እዚህም ደርሶ አሽ የሚባለውን ዛፍ ፈጅቶታል፣ ከሩቅ ደህና መስሎ ውስጡ የደረቀ ግንድ ላይ ማማ ማሰር ራስን መግደል ነው።

ከዛ በኋላ ያለው ስራ ከአጋዘኗ አፍንጫ ጋር ነው። አጋዘን ቀይና አረንጓዴ ለይታ አታይም፣ ሰማያዊ ግን በደንብ ታያለች፣ ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው ብዙ ጊዜ ታልፈዋለች። ሽታ ግን አታልፍም። ስለዚህ ነፋሱ ከአጋዘኗ መምጫ ወደ አዳኙ መንፈስ አለበት፣ ነፋስ ባይኖር እንኳን ጠዋት መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ይወርዳል፣ ጠዋት የሰራ ቦታ ማታ የማይሰራው ለዚህ ነው። ውድ ውድ የሽታ ማጥፊያ ስፕሬይ ይሸጣል፣ ለእኔ ነፋሱን አይቶ ቦታ መቀየር ይበልጥበታል።

ቀስቱን በተመለከተ አብዛኛው ሰው የሚይዘው ኮምፓውንድ ነው፣ የሚዙሪው ሆሊስ ዊልበር አለን በ1969 ፓተንት ያገኘበት፣ ጫፉ ላይ ባሉት ጎማ መሳይ ካሞች ምክንያት ጅማቱ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ክብደቱ በአብዛኛው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሰውየው ስቦ ይዞ መጠበቅ ይችላል። ክሮስቦው የሚባለው እንደ ጠመንጃ ምላጭ ያለው ቀስትም ቨርጂኒያ ውስጥ በቀስት ሲዝን ይፈቀዳል። ፍላጻው በሴኮንድ 85 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ፈጣን ይመስላል፣ ድምጽ ግን በአራት እጥፍ ይቀድመዋል። 25 ሜትር ላይ ያለች አጋዘን የጅማቱን ድምጽ ከሰማች ፍላጻው እስኪደርስ ከሩብ ሴኮንድ ትንሽ ያነሰ ጊዜ አላት፣ ለመሮጥ ጉልበቷን ስታጥፍ ገላዋ ዝቅ ይላልና ፍላጻው በላይዋ ያልፋል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰው ርቀት የሚቀንሰው፣ ዝቅ አድርጎም የሚያነጣጥረው። የሚፈለገው ልብና ሳንባ ነው፣ በጎን ስትቆም ወይም ፊቷን ትንሽ ወደዛ ስታዞር። ከማማው ስር ከመጣች ግን መተው ነው፣ ከላይ ቀጥ ብሎ የገባ ፍላጻ አንዱን ሳንባ ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

ከተመታች በኋላ ወዲያው መውረድ የለም። አረፋ ያለው ደማቅ ደም የሳንባ ነው፣ ግማሽ ሰአት ጠብቆ መከተል ይቻላል። ጠቆር ያለው የጉበት ነው፣ ጥቂት ሰአት ይፈልጋል፣ አረንጓዴና የሚሸት ነገር ፍላጻው ላይ ካለ ጨጓራ ነው፣ እሱ ግማሽ ቀን ያህል ያስጠብቃል፣ ቶሎ ካባረሯት ርቃ ትጠፋለች። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሮጣ የሰው ጓሮ ልትወድቅ ትችላለች፣ ያኔ በር አንኳኩቶ ፈቃድ መጠየቅ ነው። የሚቃወሙ ሰዎች ዋናው ነጥብም ይሄው ነው፣ ቆስላ የምታመልጠው። ተቃውሞው ተገቢ ነው፣ ለዛም ነው ኢላማ ፈተናው ያለው። ጎረቤቱ የፌርፋክስ ከተማ በ2014 ሴት አጋዘኖቹን ይዞ በቀዶ ጥገና ማምከን ሞክሯል፣ ግን እያንዳንዷን መያዝ ውድ ነው፣ ሰፊ ካውንቲ ላይ ለመስራት ይከብዳል።

ወንዱ አጋዘን ሴት ፍለጋ በጠራራ ቀን የሚዞረው ኖቬምበር ነው፣ አዳኝ ሁሉ ከስራ ፈቃድ የሚወስደው ያኔ ነው። ለኦርቶዶክሱ ሀበሻ ደግሞ ኖቬምበር 24 ገደማ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ስለዚህ ስጋው እስከ ገና ፍሪዘር ይገባል ማለት ነው። ዋላና ሚዳቋ ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት ተቆጥረዋል፣ ጥያቄ የሚነሳው ባርኮ ባለመታረዱ ነው፣ እሱን የንስሀ አባትን መጠየቅ ይሻላል። ሙስሊሙ ፍላጻውን ሲለቅ ቢስሚላህ ብሎ ነው። በሽታን በተመለከተ ሲ ደብሊው ዲ የሚባለው የአጋዘን አእምሮ የሚጎዳ በሽታ ቨርጂኒያ ውስጥ በ2009 ፍሬድሪክ ካውንቲ ተገኝቷል፣ ወደ ሰው ተላለፈ የሚል ማስረጃ የለም፣ ቢሆንም የታመመች የምትመስል አጋዘን አይበላም፣ አንጎልና አከርካሪም አይነካም። የአደን ስጋ መሸጥ ክልክል ነው፣ ስጋ የተረፈው ሰው ሀንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ ለሚባለው ከ1991 ጀምሮ ለሚሰራ ድርጅት ይሰጣል፣ እነሱ አስፈጭተው ለተቸገረ ሰው ምግብ ለሚያከፋፍለው ፉድ ባንክ ያደርሳሉ።