ሪኮል ምንድን ነው?

አንድ የመኪና አምራች በሸጠው መኪና ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝ ባለቤቶቹን «መኪናችሁን አምጡ፣ በነጻ ላስተካክል» ብሎ ይጠራል። ሪኮል የሚባለው ይህ ጥሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዕቃ ተቀይሮ ነገሩ ያልቃል። አሁን አሁን ሶፍትዌር ብቻ የሚታደስበትም አለ። አምራቹ በራሱ ፈቃድ ሊጠራ ይችላል፤ ካልሆነ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስገድደዋል። በአሜሪካ የዚህ ሥልጣን መነሻ እ.ኤ.አ. የ1966ቱ የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ነው።

ብዙ ሰው ሪኮል ሲሰማ «በቃ፣ የእነሱን መኪና አልነካም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የማይሳሳት ፋብሪካ የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ጉድለቱ ከታወቀበት ቀን አንስቶ ለባለቤቱ እስከተነገረበት ቀን ያለው ዝምታ ነው።

የአሜሪካውን መኪና አምራች የጄኔራል ሞተርስን የቁልፍ ጉዳይ እንይ። እንደ ሸቭሮሌት ኮባልትና ሳተርን አዮን ባሉ መኪኖች፣ ቁልፉ የሚገባበት ማስነሻ ውስጥ ቁልፉን በቦታው የምትይዝ ትንሽ ስፕሪንግ ነበረች። ጉልበት አልነበራትም። የቁልፍ መያዣው ከከበደ፣ የሾፌሩ ጉልበት ከነካው ወይም መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ከገባ፣ ቁልፉ በጉዞ ላይ ወደ ኋላ ይዞራል። ሞተሩ ጸጥ ይላል። መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም ፔዳል ለመርገጥ ይጠነክራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኤርባጉ አብሮ መጥፋቱ ነው። ሰውየው ሲጋጭ የሚያድነው ነገር አይከፈትም።

የኩባንያው መሐንዲሶች ችግሩን ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ያውቁት ነበር። ዕቃው ተሻሽሎ በ2006 ማምረቻ ገባ፤ መለያ ቁጥሩ ግን እንደ ድሮው ቀረ። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ደካማውና የተሻሻለው ዕቃ አንድ ቁጥር ከያዙ፣ በኋላ አደጋውን የሚመረምር ሰው በምን ይለያቸዋል? ሪኮሉ የወጣው በ2014 ነው። ለተጎጂዎች ካሳ የከፈለው ፈንድ የ124 ሰዎችን ሞት ከዚህ ጉድለት ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ተቀብሏል። በ2015 ኩባንያው 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማማ።

ተቆጣጣሪውስ? እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በ2007 የዚያው መሥሪያ ቤት ባለሙያ በእነዚህ መኪኖች ኤርባግ ላይ ምርመራ እንዲከፈት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አልተከፈተም። አምራቹ ሲደብቅ ሰው ተስፋ የሚያደርገው በተቆጣጣሪው ነው። እሱም ፍንጩን ይዞ ካለፈው፣ ቀጥሎ የሚወጣውን «መኪናው ደህና ነው» የሚል መግለጫ ማን ያምናል?

ጥሪው ከወጣም በኋላ ጣጣው አያልቅም። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራው ኤርባግ ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት (ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል) ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይበላሻል። ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ይረጫል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ የኤርባግ መንፊያዎች እንዲቀየሩ ተጠርቷል። መለዋወጫው ቶሎ አልደረሰም፤ ሰዎች አደጋውን እያወቁ ያንኑ መኪና ይነዱ ነበር።

ሁለተኛ እጅ መኪና ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው ለቀድሞው ባለቤት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ጻፉ። ብዙ አምራቾች በድረ ገጻቸው ይህን ቁጥር ተቀብለው፣ ያልተጠገነ ሪኮል ካለ በነጻ ያሳያሉ።