የሥራ ሂደት ክትትልና የክንውን ምዝገባ

የሥራ ሂደትን በሚመራ ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ጉዳይ ተከፍቶ እስኪዘጋ በብዙ እጅ ያልፋል። ክትትል አሁን የት እንደደረሰ ያሳያል፤ ምዝገባ ደግሞ በየት በየት እንዳለፈ ጽፎ ያቆያል። የሁለቱም መሠረት ሶፍትዌሩ በየእርምጃው የሚጽፈው ሎግ፣ ማለትም የክንውን መዝገብ ነው።

እያንዳንዱ የሎግ መስመር ቢያንስ የጉዳዩን መለያ ቁጥር፣ የተከናወነውን ተግባርና ሰዓቱን መያዝ አለበት። ያለ መለያ ቁጥር፣ የሺህ ጉዳዮች ታሪክ ተደበላልቆ ማንም የማይፈታው ክምር ይሆናል።

አንድ የብድር ጥያቄ እንውሰድ፤ ቁጥሩ 4471 ይሁን። 09:02 ላይ ተመዘገበ፤ 09:40 ላይ የሰነድ ማጣራቱ አለቀ፤ 14:15 ላይ የማጽደቁ ሥራ ተጀመረ። የሰርቨሩን የስህተት ሎግ ብንከፍት ንጹሕ ነው፤ የተበላሸ ነገር የለም። ጥያቄው ግን 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። የቴክኒክ ሎግ የተሰበረውን ያገኛል፤ የቆመውን የሚያገኘው የሂደቱ ሎግ ብቻ ነው። ይህም የሚሆነው የእያንዳንዱ ተግባር መጀመሪያና መጨረሻ ለየብቻ ከተመዘገበ ነው። መጨረሻው ብቻ ከተጻፈ፣ ሥራው ረዝሞ ይሁን ወረፋ በዝቶ መለየት አይቻልም።

ሰዓትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የአንዱ ሰርቨር ሰዓት በሁለት ደቂቃ ከቀደመ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት የጸደቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሮቹ ሰዓታቸውን በኤንቲፒ (የኮምፒውተሮችን ሰዓት በኔትወርክ በሚያስማማው ስልት) ያስተካክላሉ፤ ጊዜውም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ቢጻፍ ይመረጣል።

ክትትል ቀድሞም የታሰበበት ጉዳይ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የሥራ ሂደት ሶፍትዌር ማኅበር፣ ወርክፍሎው ማኔጅመንት ኮአሊሽን፣ በ1995 ባወጣው ሞዴል ሶፍትዌሩ ከሌሎች ሥርዓቶች ጋር ከሚገናኝባቸው መገናኛዎች አምስተኛውን ለአስተዳደርና ለክትትል ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የቴክኒክ መስፈርቶችን የሚያወጣው የመሐንዲሶች ማኅበር አይትሪፕልኢ፣ ኤክስኢኤስ የተባለውን የሎግ ቅርጸት መስፈርት አድርጎ አጸደቀ። ከአንዱ ሶፍትዌር የወጣን ሎግ በሌላ መሣሪያ መመርመር በዚህ ቀለለ።

ምን ያህል ይመዝገብ? የሥራ ሂደትን የሚመራው ካሙንዳ 7 የተባለ ሶፍትዌር አራት የምዝገባ ደረጃዎች አሉት፦ ምንም ካለመመዝገብ አንስቶ እያንዳንዱን የዳታ ለውጥ እስከ መያዝ። ሁሉን መመዝገብ ዳታቤዙን ያሳብጣል፤ ከዚያ የሚከፋው ግን የሰው የግል መረጃ ሳይታሰብ ሎግ ውስጥ መግባቱ ነው። የይለፍ ቃልና የካርድ ቁጥር ከመጻፋቸው በፊት መሸፈን አለባቸው፤ ለኦዲት የሚቀመጥ ሎግ በኋላ አይፋቅምና። እርማት ቢያስፈልግ እንኳ የቀድሞው መስመር እንዳለ ይቆይና እርማቱ ከነሰዓቱ በአዲስ መስመር ይጨመራል።