የሴቶች ፓንክ ባንድ ዴሞ ምንድን ነው?

ዴሞ አንድ ባንድ ዘፈኖቹን ከመሸጡ በፊት ለማሰማት ብቻ የሚቀርጸው ቅጂ ነው። አድማጩ ጥቂት ሰው ነው፦ የክለብ ባለቤት፣ የኮንሰርት አዘጋጅ፣ ፕሮዲውሰር፣ ምናልባትም ባንዱን ልትቀላቀል የምታስብ ቤዝ ተጫዋች። እነዚህ ሰዎች ከዴሞው የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፤ ዘፈኑ ምን እንደሚል መስማት፣ ባንዱ መድረክ ላይ ያንኑ መጫወት እንደሚችል ማመን። ከዚህ ያለፈው ማስዋብ ለአልበም ይቆያል።

በፓንክ ሮክ፣ ማለትም በፈጣኑ፣ አጭሩና ጯኺው የሮክ ዓይነት፣ በዴሞና በአልበም መካከል ያለው አጥር ከመነሻውም ዝቅ ያለ ነው። ራሞንስ የተባሉት የኒው ዮርክ ፓንኮች እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈኖች ይዞ 30 ደቂቃ አይሞላም፤ ወጪውም 6,400 ዶላር ገደማ ነበር። ከአሜሪካዋ ኦሊምፒያ ከተማ የተነሳው፣ በሴቶች የሚመራው ቢኪኒ ኪል እ.ኤ.አ. በ1991 ዴሞውን በካሴት እያባዛ አሰራጭቷል፤ ያ ካሴት ዛሬም ይደመጣል። ሊንዳ ሊንዳስ የተባሉት፣ ያኔ ታዳጊ የነበሩት የሎስ አንጀለስ ልጃገረዶችም በዓለም የታወቁት እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በቀጥታ ሲጫወቱ በተቀረጸ ቪዲዮ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ዴሞ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሌላ ነገር ነው። ዜማ ደራሲው ስልኩ ላይ ያንጎራጉራል፣ አቀናባሪው ድራሙንም ቤዙንም በኪቦርድና በኮምፒውተር ይሞላል፣ ድምፃዊቷ መጨረሻ ላይ ገብታ ትዘፍናለች። ለዚያ ዓይነቱ ዘፈን መንገዱ ይሠራል። ፓንክ ባንድን ግን ባንድ የሚያሰኘው ድራመሯና ጊታሪስቷ አብረው ሲፈጥኑና አብረው ድርቅ ብለው ሲቆሙ የሚሰማው መተማመን ነው፤ ለየብቻ ከተቀረጸ በኋላ እሱን መልሶ ማምጣት አይቻልም። ሌላም ምክንያት አለ። በከተማችን ሴት ከፊት ቆማ ስትዘፍን ማየት የተለመደ ነው፤ ከድራም ጀርባ ስትቀመጥ ማየት ግን አሁንም ብርቅ ነው። ተቆራርጦ የተጠገነ ቀረጻ የሰማ ሰው «ድራሙን ማን መታላቸው?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ያናድዳል፤ ቢሆንም መልሱ ከቀረጻው ራሱ ቢሰማ ይሻላል። ስለዚህ ድራም፣ ቤዝና ጊታር በአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ይቀረጻሉ፤ ለኋላ የሚቆየው የሰው ድምፅ ብቻ ነው።

3 ወይም 4 ዘፈን ይበቃል፤ ተደምሮ ከ8 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። በደቂቃ 180 ምት በሚሄድ ዘፈን የ4 ባር መግቢያ (አንድ ባር 4 ምት ነው) 5 ሰከንድ ያህል፣ የ8 ባር ደግሞ 11 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ከዚያ የረዘመ መግቢያ ካለ ይቆረጥ። አጭሩና ቁጡው ዘፈን ቀድሞ ይግባ፤ ዝግ የሚለው፣ ካለ፣ ሦስተኛ ይሁን።

ከቀረጻው በፊት አንድ ነገር ቁጭ ብሎ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ የቅኝትና የኮርድ ጠብ። ፓንክ የሚቆመው በፓወር ኮርድ ላይ ነው፤ ሥር ድምፁና አምስተኛው ብቻ (ሥሩ ሲ ከሆነ ሲና ጂ) ይመታሉ። ሦስተኛው ስለሌለ ኮርዱ ሜጀርም ማይነርም አይደለም፤ በቅኝት የተሠራ ዜማም በላዩ በደንብ ይሄዳል። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲጀመር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ከአምስቱ ድምፆች አራቱ አምስተኛቸውን እዚያው ቅኝት ውስጥ ያገኛሉ፣ የሌላት ኢ ብቻ ናት። አምባሰል ላይ ሦስቱ ያገኛሉ። አንቺሆዬ ላይ ግን ችግር አለ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ከሚሉት ድምፆች አምስተኛቸውን የሚያገኙት ኤፍና ጂ ፍላት ብቻ ናቸው። ሥሩ ላይ፣ ማለትም ሲ ላይ፣ ፓወር ኮርድ ሲመታ ውስጡ ያለው ጂ ከዜማው ጂ ፍላት ጋር በግማሽ ድምፅ ይፋጫል። ልምምድ ላይ በጩኸቱ መሃል ይጠፋል፤ ቀረጻ ላይ ግን ድምፃዊቷን ከቅኝት የወጣች ያስመስላታል፤ ወቀሳውም እሷ ላይ ይወርዳል። እዚያ ቦታ ላይ ጊታሪስቷ አምስተኛውን ትታ ሥር ድምፁን ብቻ ብትመታ ነገሩ ያልቃል። ፍጭቱ ሆን ተብሎ የተፈለገ ከሆነም ይቆይ፤ ፓንክ ነው።

ክፍሉስ? ለሙሉ ድራም የሚበቃ ስቱዲዮ በሰዓት ከመከራየት፣ መሣሪያ ይዞ ሰፋ ያለ ሳሎን ወይም አዳራሽ ውስጥ መቅረጽ ብዙ ጊዜ ይቀላል። የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል የሲምባሉን ድምፅ መልሶ ይተፋል። ከድራሙ ሥር ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ፍራሽና ወፍራም ብርድ ልብስ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ ከኋላው ክፍተት ሲኖር የበለጠ ይውጣል። የቤዝ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) ጥግ ላይ አይቀመጥ፤ ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጠዋል። ክረምት ከሆነና ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሥራው ጠዋት ይጀመር፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ ማይኮቹ የሚይዙት እሱን ነው። ጎረቤት ቀድሞ ይነገረው፣ ሰዓቱም ከጸሎት ጋር አይጋጭ። ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ ካለ ደግሞ ቀረጻው ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

መብራታችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ጊታር ውስጥ የሚሰማው ያ «እምምም» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የ50 ኸርዙና የእጥፎቹ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም መሣሪያዎቹ በተለያየ ሶኬት ሲሰኩና መሬት መስመራቸው በሁለት መንገድ ሲዘጋ ነው። አምፑ፣ ሳውንድ ካርዱ (የማይኮቹን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው መሣሪያ) እና ላፕቶፑ ከአንድ ሶኬት በአንድ ማከፋፈያ ይሳቡ። ካልጠፋ የላፕቶፑ ቻርጀር ይነቀልና ይሞከር። የመሬት መስመሩን መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ማይክ ከንፈሯ ላይ፣ ጊታር እጇ ላይ ያለች ልጅ በመሃል አለች። መብራት ቢጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ የሚሠራ ሳውንድ ካርድ የተቀረጸውን ያድናል፤ ከየቴኩ (ዘፈኑን አንድ ጊዜ ተጫውቶ ከመቅረጽ) በኋላ ሴቭ ማድረግ አይረሳ።

ባለ 8 መግቢያ ሳውንድ ካርድ ካለ ድልድሉ ቀላል ነው፦ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) 1፣ ስኔር (ከፊት ያለው ጯኺ ድራም) 1፣ ከድራሙ በላይ 2፣ ቤዝ በዲአይ ቦክስ (ያለ ማይክ ከሳውንድ ካርዱ በሚያገናኝ ሳጥን) በቀጥታ 1፣ ጊታር 2፣ ባንዱን ለመምራት ብቻ የሚዘፈን ድምፅ 1። 4 ብቻ ከሆነ ኪክ፣ አንድ የበላይ ማይክ፣ ቤዝና ጊታር። ቀረጻው በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ይሁን፤ ስምንቱ ትራክ በሰዓት 4 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል። የድምፁ ጫፍ ከዜሮ፣ ማለትም ድምፁ ከሚሰበርበት ጣሪያ፣ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ይቆይ። ልጆቹ ቀይ መብራቱ ከበራ በኋላ ከሙከራው ይልቅ ጠንክረው ስለሚመቱ ያ ክፍተት ያስፈልጋል።

የበላይ ሁለቱ ማይኮች ከስኔሩ መሃል እኩል ይራቁ፤ 1 ሜትር ገደማ፣ በሲባጎ ተለክቶ። በዓይን ግምት አይሆንም። ድምፅ በ1 ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ17 ሴንቲ ሜትር ልዩነት የ1 ኪሎኸርዙን አካባቢ እርስ በርሱ ያጠፋፋዋል። ውጤቱ ቀጭን፣ ቆርቆሮ የሚመስል ስኔር ነው፤ ከዚያ በኋላ በሚክሲንግ (ትራኮቹን በማዋሃድ ሥራ) መጠገን ልፋት ብቻ ነው።

ጊታር ላይ የሚሠራው ስህተት ሁሌም አንድ ነው፤ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ማዛባት) ይበዛል። ክፍሉ ውስጥ ግዙፍ የሚመስለው ድምፅ ቀረጻው ላይ ጭጋግ ይሆናል፤ ምክንያቱም ዲስቶርሽን ሲበዛ የፕሌክትረሟ (የጊታር መምቻዋ) ምት ይጠፋል፣ ፍጥነቱ የሚሰማው ደግሞ በዚያ ምት ነው። ከልምምዱ በግማሽ ያህል ይቀነስ። ማይኩ፣ ሹር ኤስ ኤም 57 ወይም መሰሉ፣ ከአምፑ ጨርቅ 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከድምፅ ማጉያው መሃል ወደ ጠርዙ ትንሽ ፈቀቅ ይበል፤ መሃሉ ይወጋል፣ ጠርዙ ይደነዝዛል። ክሩ በዋዜማው ይቀየር፣ ከየቴኩ በፊትም ይቃኝ።

ክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ ምቱን የሚቆጥር ድምፅ) መጠቀም ግዴታ አይደለም። ድራመሯ በክሊክ ካልተለማመደች የቀረጻው ቀን የሚማሩበት ቀን አይደለም። ፍጥነቱ በዘፈኑ ውስጥ 5 ወይም 6 ምት ቢጨምር ማንም አይከፋም፤ የሚያስቸግረው መነሻው ራሱ ሲፈጥን ነው። መጀመሪያ የሚጎዳውም ግጥሙ ነው። አማርኛ በሚጠብቁና በሚላሉ ድምፆች ትርጉም ይለያል፤ በ195 ምት የሚጠብቀው ፊደል ቦታ ያጣና ሁሉም ይላላል፣ አድማጩም ሌላ ቃል ይሰማል። ድምፃዊቷ የሚጠብቀውን ፊደል ምቱ ላይ ብታሳርፈው ይድናል፤ ካልተቻለ ዘፈኑ ከ180 ይነሳ።

ከየዘፈኑ 3 ቴክ ይበቃል። ከአምስተኛው በኋላ ስህተቱ ይቀንሳል፣ ንዴቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ለፓንክ ይህ ኪሳራ ነው። ትንሽ የሳተች ግን የምትነድ ቴክ ትመረጥ።

ድምፅ በዚያው ቀን ከባንዱ በኋላ ይቀረጻል። ለስንኙ ከማይኩ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ለጩኸቱ 30። ጩኸት የበዛበት ዘፈን መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ጉሮሮ ቀድሞ ካለቀ ቀኑ አብሮ ያልቃል። ለአዝማቹ አራቱም የባንዱ አባላት ማይኩን ከበው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁና ሁለት ጊዜ ይቅረጹ፣ በሁለተኛው ቦታ ተቀያይረው። ሥራው ከምሽት በፊት እንዲያልቅ ይታቀድ፤ አምፕ ተሸክሞ በጨለማ የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ለማንም አይመከርም።

ሚክሲንግ ላይ ባለሙያው የለመደውን ያደርጋል፤ የሴት ድምፅ ሲመጣለት ኤኮና ሪቨርብ ይጨምራል፣ ያለሰልሳል፣ ፊት ያወጣል። ለፍቅር ዘፈን ያምራል። እዚህ ግን ሪቨርቡ አጭርና ጥቂት ይሁን፤ ድምፁ ከጊታሩ ጋር ይጋፋ። ቃሉ እንዲሰማ ድምፁን ከማጉላት ይልቅ ጊታሩ 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ በ2 ወይም 3 ዲሲቤል ይቀነስ። ከድምፁ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ይቆረጥ። የመጨረሻው ጫፍ ከዜሮ በታች 1 ዲሲቤል ላይ ይቁም። ከዚያ በስልክ ድምፅ ማጉያና በሚኒባስ ውስጥ ይደመጥ፤ ቤዙ በስልክ ጨርሶ ከጠፋ 700 ኸርዝ አካባቢ ጥቂት ከፍ ይደረግ።

ከፋይሉ ጋር ማን ምን እንደተጫወተች፣ ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይላክ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነና የተጻፈ ወይም የተቀረጸ ሥራ ያለ ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል፤ ዴሞም በዚህ ረገድ ማስረጃ ነው። ድርሻውን በተመለከተ አራቱ ከቀረጻው በፊት ይፈራረሙ፤ ጓደኛሞች ቢሆኑም፣ ይልቁንም ጓደኛሞች ስለሆኑ።

በ24 ቢት የተሠራ የ2 ደቂቃ ዘፈን 35 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወደ 5 ሜጋባይት ይወርዳል። በቴሌግራም የሚላከው ኤምፒ3ው ነው፣ እንደ ፋይል፤ ስሙም የባንዱና የዘፈኑ ስም ይሁን። ትልቁ ፋይልና ያልተቀላቀሉት ትራኮች በሁለት የተለያዩ ዲስኮች፣ በሁለት የተለያዩ ልጆች ቤት ይቀመጡ።