«ዴሬሊክት»፦ እርግፍ ተደርጎ የተተወ

ጣሪያው የገባ፣ መስኮቱ የረገፈ ወና ቤት በእንግሊዝኛ «ዴሬሊክት» ይባላል። «ያረጀ» ወይም «የፈረሰ» ብሎ መተርጎም ይቀናናል። ዋናው ነገር ግን እርጅናው አይደለም፤ ባለቤቱ ትቶት መሄዱ ነው።

ሥሩ ላቲን ነው። «ሬሊንኩዌሬ» መተው ማለት ነው። ከፊቱ «ዴ» ሲገባ ይጠነክራል፣ እኛ «እርግፍ አድርጎ ተወው» እንደምንለው። የቅዱሳን አጽም የሚጠራበት «ሬሊክ» የተባለው ቃልም ከዚሁ ሥር ወጥቷል፤ ቀሪ ማለት ነው። በክብር የሚጠበቀውና ዞር ብሎ የሚያየው ያጣው ዘመዳሞች መሆናቸው ይገርመኛል።

ሮማውያን የሕግ ሰዎች በዚህ ነገር ብዙ ተጨንቀዋል። ባለቤቱ «ከእንግዲህ የኔ አይደለም» ብሎ የጣለውን ዕቃ ያገኘው ሰው የራሱ ያደርገዋል። በማዕበል ጊዜ መርከቡ እንዲቀል ወደ ባሕር የተወረወረ ጭነትስ? እ.ኤ.አ. በ533 በሮማው ንጉሥ ዩስቲንያኖስ ትእዛዝ የወጣው የሕግ መማሪያ መልስ አለው። ነጋዴው ዕቃውን የጣለው ጠልቶት ሳይሆን ከአደጋ ለማምለጥ ነው። ስለዚህ አሁንም የእሱ ነው፤ ሊጠቀምበት ብሎ የወሰደው ሰው ሌባ ነው። ፍርዱ ያረፈው በጣዩ እጅ ላይ ሳይሆን በልቡ ላይ ነው፤ ይህን እወድላቸዋለሁ።

የእንግሊዝ የባሕር ሕግም ልብን ያያል። መርከብ ዴሬሊክት የሚባለው ሰዎቹ ላይመለሱ፣ ይተርፋል የሚል ተስፋም ሳይኖራቸው ጥለውት ሲወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 «ሜሪ ሴለስት» የተባለችው መርከብ በአዞረስ ደሴቶችና በፖርቱጋል መካከል ብቻዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች። የጫነችው አልኮል አለ፣ ምግቡም አለ። ጀልባዋና የተሳፈሩት 10 ሰዎች ግን የሉም። ያገኟት መርከበኞች ጊብራልታር ወሰዷት፤ የዚያ ፍርድ ቤት ወሮታ ቆረጠላቸው። መርከቧ ግን ለባለቤቶቿ ተመለሰች። የተተወ ነገር ባሕር ላይ ዝም ብሎ የአግኚው አይሆንም።

ኋላ ላይ ቃሉ ወደ ሰውም ተሻገረ። መጠለያ አጥቶ ጎዳና የወደቀውን ሰው «ዴሬሊክት» ማለት ተለመደ። ለእኔ ይህ ጭካኔ ነው፤ ጥፋቱ የተጣለው ሰው ይመስል ስሙ ለእሱ ተለጠፈ። ሌላኛው አጠቃቀም ይሻላል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ግዴታውን ያልተወጣ ሹም ራሱ ዴሬሊክት ይባላል፤ የአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ አንቀጽ 92ም ኃላፊነቱን ችላ ያለን ወታደር በዚሁ ቃል ይከስሰዋል።