«በሽታው የታየበትን ከተማ ብቻ ዝጉ» ለምትሉ

ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። «አገር ሙሉ ምን አጨናነቀው? በሽታው የታየበትን መዝጋት ነው።» የበሽታ ስርጭትን በሂሳብ ማስላት እንጀራዬ ነው። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ሰው ይሞትበታል።

ስህተቱ «የታየበት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ዛሬ ተመዘገበ የተባለው ሰው ዛሬ አይደለም የተያዘው። በፈረንጆቹ 2020 የነበረውን ኮቪድ ውሰዱ። ምልክቱ እስኪመጣ 5 ቀን ገደማ ይፈጅ ነበር። ሰውየው «ጉንፋን ነው» ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ምርመራ አለ፤ ውጤት መጠበቅ አለ። 12 ቀን አለፈ እንበል። ቁጥሩ በየ3 ቀኑ እጥፍ የሚሆን ከሆነ 10 የነበረው 20፣ 40፣ 80፣ 160 ይደርሳል። ካርታው 10 ሲል ከተማው 160 ይዟል። ጎረቤቱ ከተማም «ነጻ» የተባለው ገና ስላልታየበት ነው።

ጣሊያንን እዩ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2020 በሰሜን 11 ትንንሽ ከተሞች ተዘጉ፤ 50,000 ሰው ገደማ። ሚላኖ ክፍት ነበረች። ማርች 7 ማታ «ሎምባርዲያ ሊዘጋ ነው» የሚል የመንግሥት ረቂቅ አፈተለከ፤ ሎምባርዲያ ሚላኖ ያለችበት ክልል ነው። እዚያ አንዲት አሮጊት የምታስታምም የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ ባቡር ጣቢያ ይሮጣል፤ ሁሉም ወደ ደቡብ ነው» አለችኝ። በማግስቱ ሎምባርዲያ ተዘጋ። ማርች 10 አገሩ በሙሉ።

«እንግዲያው ሁሌም አገር ሙሉ ይዘጋ» የሚሉም አሉ። እሱም ልክ አይደለም። የአውስትራሊያዋ ሜልቦርን በጁላይ 2020 መጀመሪያ የተመረጡ ሰፈሮችን ብቻ ዘጋች፤ አልሆነም። ሰው አንዱ ሰፈር ያድራል፣ ሌላው ሰፈር ይሠራል። በሳምንቱ ከተማዋ በሙሉ ተዘጋች። ሲድኒ ካለችበት ከጎረቤቱ ግዛት ከኒው ሳውዝ ዌልስ ጋር ያለው ድንበርም ስለተዘጋ ሲድኒ አብራ መዘጋት አላስፈለጋትም። ኦክቶበር 26 ሜልቦርን ያለችበት ግዛት ቪክቶሪያ አንድም አዲስ ታማሚ አልመዘገበችም።

«ሞዴሉ፣ ማለትም ስርጭቱን የሚገምተው ስሌት፣ ዋሸ፤ እንግሊዝ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ይሞታል አለ፤ መቼ ሞተ?» ይሉኛል። ያ ቁጥር ምንም እርምጃ ካልተወሰደ ተብሎ የተሰላ ነው።

«በክልል መዝጋት ኢኮኖሚውን ያድናል» ይሉኛል። በጊዜው ከተዘጋ አዎ። ከዘገየ ሁለት ጊዜ ትዘጋላችሁ።

የኛ አገር ባለሥልጣን «አዲስ አበባን ለብቻ እንዝጋ» ካለ ሦስት ነገር ጠይቁት። ይህ ቁጥር የስንት ቀን ነው? የምርመራ ውጤት በስንት ቀን ይደርሳል? ቡራዩና ለገጣፎ አድሮ ጠዋት 12 ሰዓት ታክሲ የሚሰለፈውን ሰውስ ከየትኛው ወገን ቆጠራችሁት?