«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት»፦ ተረቱ የሚገስጸው ማንን ነው?

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» የሚለው ተረት ሰሞኑን ያለ ቦታው ሲነገር ሰማሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ደቡብ ሊባኖስ ናባጢዬ ከተማ በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት መጥታ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የሺዓ ሙስሊሞች በየዓመቱ የሚያለቅሱትን የዓሹራን ለቅሶ ከስልኳ ታሳየናለች። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ። ነጭ ከፈን የለበሱ ወጣቶች አናታቸው ተበጥቶ ደሙ እስከ ደረታቸው ወርዷል። ከመካከላችን አንድ ትልቅ ሰው አይተው አይተው፣ «ሟቹ ከሞተ ስንት ዘመኑ! እናቱ የሞተችበትና ገበያ የሄደችበት ማለት እኮ ይህ ነው» አሉ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እንባው የውሸት ነው ማለታቸው ነበር። ተረቱ እንዲህ አይልም።

ብዙ ሰው ይህን ተረት የሚያነሳው ትንሽ የጎደለበት ሰው ብዙ ከጎደለበት እኩል ሲጮኽ ነው። እስከዚያ ድረስ አልጣላም። የሚያናድደኝ «እኩል ያለቅሳሉ» የሚለው «አንደኛው ያስመስላል» ተብሎ ሲወሰድ ነው። እናቱ ገበያ የሄደችበት ሕፃን ከቶ አያስመስልም። የሦስት ዓመት ልጅ እናቱ ከዓይኑ ስትጠፋ «ማታ ትመለሳለች» ብሎ አያሰላም፤ ለእሱ የለችም፣ አለቀ። እንባው ከሌላኛው ልጅ እንባ በምንም አያንስም። ይህን ያልተቀበለ ሰው ተረቱን ባይነካው ይሻላል።

እኔ ያደግሁት ወሎ ደጋ ላይ ነው። ገበያችን ቅዳሜ ይውላል። ቅቤው በቅል ሆኖ፣ እንቁላሉ በጭድ ተጎዝጉዞ፣ ዶሮው እግሩ ታስሮ ዓርብ ማታ በር ሥር ያድራል። ልጅ ከነቃ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ስለማይለቅ፣ እናቶች ገና ሳይነጋ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ በእጃቸው ደግፈው ከፍተው ተሹለክልከው ይወጣሉ። ልጁ ሲነቃ መደቡ ላይ ጎኑን ይዳብሳል፤ እናቱ የተኛችበት ቦታ ቀዝቅዟል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከየጎጆው ይሰማል።

እንዲህ ያሉትን ልጆች የምትሰበስብ አንዲት አሮጊት በየመንደሩ አትጠፋም። የእኛን፣ ቆብ የደፉ ስለነበሩ፣ እማሆይ እንላቸዋለን። ጉልበታቸው የገበያ መንገድ አይችልም፤ ልጅ መያዝ ግን ያውቁበታል። ቆሎ ያድላሉ፣ ተረት ያወራሉ፣ ይህ ሁሉ ካልሠራ የመጨረሻ ዘዴ ነበራቸው። እናቶች ሲሄዱ የቤት ነጠላቸውን እሳቸው ዘንድ ይተዋሉ። ቅቤና ጭስ የጠጣ፣ ጠርዙ የተበላ አሮጌ ነጠላ ነው። አልባበል ያለውን ልጅ እማሆይ በራሱ እናት ነጠላ ይጠቀልሉታል፤ አፍንጫውን ቀብሮ ሲንሰቀሰቅ ቆይቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። የሌላ ሴት ነጠላ አይሠራም። ሕፃን አይታለልም።

አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ሚስት በወሊድ ሞተች። ቀብሩ ሐሙስ ሆኖ ሰልስቱ ቅዳሜ ዋለ። ትልቁ ልጇ የእኔ እኩያ ነበር፤ ነፍስ አላወቀም ተብሎ መርዶ አልተነገረውም። የእኔ እናት ደግሞ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ጨውና ቡና እንድታመጣ ገበያ ተልካለች። ስለዚህ ሁለታችንም እማሆይ ቤት ዋልን። እኔ ስጮኽ፣ «እናትህ ገበያ ሄዳለች፤ ሸንኮራ ይዛልህ ትመጣለች» አሉኝ። እሱ ሲጮኽም ያሉት ያንኑ ነው፤ «እናትህ ገበያ ሄዳለች።» እኔን በእናቴ ነጠላ ጠቀለሉኝ። የእሱ እናት ነጠላ ግን ለቅሶው ላይ ነበር፤ ሴቶቹ ከፍ አድርገው እየያዙ ሙሾ ያወርዱበታል። እማሆይ የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው አለበሱት። አሽቀንጥሮ ጣለው።

ተረቱ የተወለደው እንዲህ ካለ ቤት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱ ልጆች እኩል የሚያለቅሱት የተነገራቸው ነገር አንድ በመሆኑ ነው፤ እናቱ የሞተችበትም «ገበያ ሄዳለች» ተብሏል። ልዩነቱን የምታውቀው በመካከላቸው የተቀመጠችው ሴት ብቻ ናት፤ እሷም መናገር አትችልም። እንግዲህ ቃሉን መጀመሪያ ያወጣችው ልጅ ጠባቂዋ መሆን አለባት። ማታ ጎረቤት መጥታ «ልጆቹ እንዴት ዋሉ?» ብትላት፣ «ምን ይዋላሉ፣ እናቱ የሞተችበትም ገበያ የሄደችበትም እኩል ሲያለቅሱ ዋሉ» ብላ መመለሷ ይታየኛል። በቃሉ ውስጥ ስድብ የለም። ጆሮ ብቻውን ሐዘንን መመዘን እንደማይችል በጭንቅ ያየች ሴት ምስክርነት ነው።

አንዳንድ አገር «ውሃ የወረደችበት» ይላሉ። ይህ በኋላ የመጣ ይመስለኛል። ውሃ ቀጂ ወዲያው ትመለሳለች፤ ብዙ ጊዜም ልጇን አዝላ ትወርዳለች። ደግሞስ እናቱ የሞተችበትን ልጅ «ውሃ ወርዳለች» ቢሉት እስከ ምሳ እንኳ ያዘልቃል? ያ ውሸት ቀኑን ሙሉ እንዲቆም ሩቅ ገበያ ያስፈልገዋል። የገበያው አባባል ዋናው ነው፤ በዚህ ወደ ኋላ አልልም።

የትልልቆቹም ለቅሶ ከዚህ አይርቅም። ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ መቀነታቸውን አጥብቀው ይመጣሉ። አልቃሿ ሟቿን በስም ጠርታ ትጀምርና ቀስ በቀስ የተሰበሰበውን ሰው ሙታን ታነሳለች፤ ባል የሞተባትን፣ ልጇ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰላትን በየተራ ትነካለች። ያን ጊዜ ደረት የሚደቃው ለዕለቱ ሟች ብቻ አይደለም። ሟቿን ከነአካቴው የማያውቁ የማዶ አገር ሴት ከእህቷ በላይ ቢያለቅሱ፣ ልጃቸውን እያለቀሱ መሆኑ ስለሚታወቅ «ምን አገባቸው» የሚል አይገኝም። ፊት መንጨት ሲመጣ ግን ቄሱ ይነሳሉ። ኦሪት ዘሌዋውያን ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መንጨት ይከለክላል፤ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ ብሏቸዋል። ቄሱ ይህን እየጠቀሱ ጥፍሩን ሲገስጹ ሰምቻለሁ። እንባውን ሲያዋርዱ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ናባጢዬ ልመለስ። በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ የገበያዋ ሠፈር በኦክቶበር 2024 በእስራኤል የአየር ድብደባ ፈርሷል። ነዋሪዎቿ በብዛት ሺዓ ናቸው። የነቢዩ ሙሐመድ የልጅ ልጅ ሁሴን ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር በዛሬዋ ኢራቅ ከርባላ ላይ የተገደለበትን ቀን፣ የሙሐረምን ወር አሥረኛ ቀን፣ በየዓመቱ ያለቅሳሉ። ግድያው የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ680 ነው። የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ፣ ለዓሹራ ሀሪሳ የሚባል ምግብ ይሠራል፤ ስንዴና ዶሮ በትልቅ ድስት ሌሊቱን ሙሉ እስኪላሉ ድረስ ይማሰላል፣ ሲነጋ ለጎረቤት ሁሉ ይታደላል። ማማሰሉ የእሷ ተራ ነበር፤ ክንዷ እስኪዝል። በአሠሪዋ ቤት ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ አንባቢዋ የሁሴን ጨቅላ ልጅ በውኃ ጥም ተቃጥሎ ሳለ በቀስት መገደሉን ስታነብ ቤቱ በለቅሶ ይናጣል። አክስቴ ያረፈችው ልጇ እዚያ ሳለች ነው። መርዶው ለልጇ በስልክ ደርሷት፣ ፈቃድ አጥታ ሳትመጣ ቀረች፤ በሰው አገር ጮኾ ማልቀስም አልሆነላትም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አገሯ ደረቷን እየደቃች ያለቀሰችው እዚያ፣ የሻይ ትሪ አስቀምጣ፣ ከእነዚያ ጥቁር ለባሽ ሴቶች ጋር ነው። አሠሪዋም ቀና ብላ አይታት፣ እጇን ያዘቻት እንጂ አንዲት ቃል አልተናገረቻትም። እንግዲህ እኒያ ትልቅ ሰው ተረቱን ሲተርቱ፣ እናቷ የሞተችባት ልጅ ቡና ልትቀዳላቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር።

ስለ ደሙ ግን እኔም ከቄሱ ጋር ነኝ፤ ብዙ የሺዓ ሊቃውንትም እንዲሁ። የአደባባዩ ለቅሶ ራሱ ጥንታዊ ነው። ባግዳድን ይዞ የነበረው የቡወይህ ሥርወ መንግሥት ገዢ ሙዒዝ አድዳውላ እ.ኤ.አ. በ963 በዓሹራ ቀን ገበያ ተዘግቶ ሕዝቡ ሐዘን እንዲቀመጥ አዝዟል። ራስን በምላጭ መብጣት ናባጢዬ የደረሰው ግን በኦቶማን ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ እዚያ በሚኖሩ ኢራናውያን በኩል ነው፤ የአገሬው ሰው የተቀላቀለው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሙሕሲን አል አሚን የተባሉ የዚያው የደቡብ ሊባኖስ ተወላጅ ሊቅ ደማስቆ ሆነው ራስን በምላጭ መብጣትንና በሰንሰለት መግረፍን አወገዙ፤ ሕዝብን ለማስለቀስ ሲባል በከርባላ ታሪክ ላይ የተቀጠሉ ፈጠራዎችንም ነቀፉ። የናባጢዬው ሼክ አብዱልሁሴን ሳዲቅ ተቃወሟቸው፤ የኢራቋ ነጀፍ ከተማ ሊቅ አቡል ሐሰን አል ኢስፋሃኒ ደገፏቸው፤ ተራው ሰው ግን አል አሚንን በየመንገዱ ሰደባቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የያኔው የኢራን መሪ አያቶላህ አሊ ኻሜኔይ በአደባባይ ራስን ማድማትን ከለከሉ፤ የሊባኖሱ ሂዝቦላህም ይህንኑ ተከትሎ ደጋፊዎቹ በዓሹራ ደም እንዲለግሱ ያደርጋል። ናባጢዬ ውስጥ ግን ዛሬም የሁሴንን አባት የዓሊን ቅጽል ስም እየጠሩ፣ «ሐይደር፣ ሐይደር» እያሉ አናታቸውን የሚበጡ ወጣቶች አሉ።

በዚህ ሁሉ ሙግት ውስጥ ሁለቱም ወገን ለቅሶን አልነካም። በሺዓ ትምህርት እንባ እምቢ ያለው ሰው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ራሱን ለማስለቀስ ቢጥር ይመሰገናል፤ የእኛም ሰው እንባ ሲቀርበት ነጠላውን ፊቱ ላይ ይጥላል፣ ነውር አይደለም። አል አሚን የጠየቁት ያልሆነ ታሪክ እንዳይነገርና ሥጋ እንዳይቆረጥ ነው። ምላጭ የያዘው ወጣት የሳተው «ብዙ ደም ያፈሰሰ ብዙ ወደደ» ብሎ ሲያስብ ነው። ትልቁ ሰውዬ ደግሞ «ሟቹ ሩቅ ስለሆነ እንባው ባዶ ነው» ሲሉ ሳቱ። ልጅ ጠባቂዋ ሁለቱንም አትቀበላቸውም፤ በጩኸቱ ብዛት ፍቅርን አትለካም፣ የሚያለቅሰውንም ልጅ አስመሳይ አትለውም።

ዛሬ ተረቱ የሰው አፍ መዝጊያ ሆኗል። ሠራተኛ ደመወዝ አነሰኝ ሲል ይጠቀስበታል፤ ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው አቤት ሲል «እናቱ ገበያ የሄደችበትም ያለቅሳል» ይባልና ስብሰባው ወደ ሌላ አጀንዳ ያልፋል። ተረቱን የሚጠቅስ ሰው እናቱ የሞተችበት የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ይወቅ። ያንን ለማወቅ እንደ ልጅ ጠባቂዋ ከሁለቱም ጋር መዋል አለበት፤ ዋል ሲሉት የማይውል ሰው ቃሉን አይውሰድባት። እንባው የውሸት ነው ለማለት ብቻ ለፈለገ ደግሞ አማርኛ «የአዞ እንባ» የሚል አነጋገር አለው፤ ያንን ይበል፣ ሲልም ስሙን አስመዝግቦ፣ ማስረጃውን ይዞ ይበል።